የጣሊያኗ ግራ ጎን

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? የእትዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ዶሮዎቹ፣ ያ የማይዘጋው የብረት በር፣ ግቢው በሙሉ ደህና ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«ሁለት ዓመት ጠፍቶ ዛሬ ምን ፈለገ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፣ ፈልጌ ነው። በስልክ እንዳልጠይቅዎ ሰላምታውን ሳንጨርስ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል።

እንደሚያውቁት የምሠራው አሮጌ መኪና እንደ አዲስ በሚታደስበት ጋራዥ ነው። ለእናቴ «ባትላሜራ ሆኛለሁ» ብዬ ጽፌላታለሁ። ለእርስዎ ግን አልዋሽም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ መጥረግ፣ ማጠብና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። መዶሻ የሚይዘውና የመኪናውን ላሜራ የሚቀጠቅጠው አለቃዬ ብቻ ነው። መዶሻዎቹን እንደ መጠናቸው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከየአንዳንዱ ኋላ ጥላውን በቀለም ስሏል። አንዱ ከቦታው ቢነሳ ከሩቅ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት መኪና በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ሸራው ሲገለጥ መጥረጊያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ጋሼ፣ የእርስዎዋ ጣሊያን ናት! አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ለሩቅ መንገድና ለፍጥነት የተሠራች፤ ያቺው ራሷ። ልዩነቱ ዛፍ ወድቆባት የኋላ ግራ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ያለው ጎኗ፣ ተጨማድዷል። አለቃዬ እንደሚለው ይህቺ መኪና በማሽን ተጨፍልቃ የወጣች አይደለችም። እያንዳንዷ በእንጨት ላይ በመዶሻ የተቀጠቀጠች ስለሆነች ግራዋ ለቀኟ ልክ አይሆንም። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆየ፤ ንድፍ የሚባል አልተረፈም። በዚያ ላይ ዓይነቷ ሦስት ነው፦ አጭሯ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ረዘም ያለችው ከኋላ ትንሽ ወንበር የተጨመረላት፣ ሦስተኛዋ ጣሪያ የሌላት። ወደ እኛ የመጣችው ረጅሟ ናት፤ የፊት መብራቷም በመስታወት የተሸፈነ ነው።

እኔም አፌ አያርፍ፣ «አጎቴ ጋ አለች» አልኩ። ጋራዡ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ «ዓይነታቸው አንድ ከሆነ የግራ ጎኗን ልክ አስመጣ። ልኩ ከመጣ የምትቀጠቅጠው አንተ ነህ» አለኝ። ጋሼ፣ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት መዶሻ ነው። ይህን ካበላሸሁ ዕድሜ ልኬን መጥረጊያ ይዤ መቅረቴ ነው።

ስለዚህ የትኛዋ ዓይነት እንደሆነች ይጻፉልኝ፤ የኋላ ጎኗንም ልክ በወረቀት አንስተው ይላኩልኝ። የግራውን። ከተቻለ የቀኙንም። እንዲያውም ቀኙን ቢያስቀድሙት ደስ ይለኛል።

ያወጡለት ስም ባሕር አቋርጦ የተከተለው፣
ጥድፊያ


ጥቅምት 22 ቀን

ለጥድፊያ፤

ፈጣሪ ከብርድ፣ ከክፉ ባልደረባና ጎድጓዳ ላሜራ ከሚደፍኑበት ስቱኮ ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን። የእትዬህ ጉልበት ተሽሎታል፤ አሁን እረፍት ያጣው ምላሷ ነው።

እናትህ «ልጄ ባትላሜራ ሆነ» እያለች ለሠፈሩ ስታወራ ዝም ብያት ነበር። እጅህ እንጨት መሆኑን ካስተማርኩህ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እጅህ ከድሮም እንጨት ነው። ግን ዘመድ ሲቸገር አይታለፍምና እረዳሃለሁ።

ስለ ዓይነቷ ጠይቀሃል። ባለቤቷ የነበረው ሐኪም ሊብሬዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ «ውሰዳት፣ ወገቤን ጨርሳዋለች» ብሎኝ ከሄደ ሠላሳ ዓመት ሆነው። አጭር ናት ረጅም ብዬ አልጠየቅኩትም። ከኋላ ወንበር እንዳላት ግን በዶሮዋ አውቃለሁ። ነጠብጣቧ ዶሮ በመስኮት ገብታ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ታቅፋለች። ወንበሩ ለሰው አይበቃም፤ ለዶሮ ግን ልክክ ያለ ነው፤ ጣሊያኑ አስቦበት ይመስላል። ስለዚህ ረጅሟ ናት በለው። መብራቷም ባለመስታወት ነው። አንደኛው ተሰብሮ በድስት ክዳን ተክቼዋለሁ፤ ይህን አትንገረው። ጣሪያም አላት። እትዬህ «ጣውንቴ» እያለች ስትረግማት ኖራ መጥረቢያ ስላላነሳችባት ጣሪያዋ እንዳለ ነው።

ልክ ማንሳቱ ግን አሁን አይሆንም። «ላሜራ ከነካህ ዶሮዋ ትደነግጥና እንቁላሉን ትተወዋለች» ብላ እትዬህ መኪናዋ ዙሪያ ገመድ ዘርግታብኛለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለጣውንቷ ስትቆረቆር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ዶሮ የምታቅፈው ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ትናንት ነው የተቀመጠችው። ጠብቅ። ጥድፊያ ያልኩህ በከንቱ አይደለም።

ደግሞስ የታመመው ግራው፣ መድኃኒት የምትለምነው ለቀኙ! ምን ነክቶሃል?

አጎትህ


ኅዳር 10 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ለእርስዎና ለእትዬ ጤና፣ ለነጠብጣቧ ዶሮ ደግሞ ትዕግሥት እመኛለሁ።

ደብዳቤዎን ለአለቃዬ ስተረጉምለት ዶሮዋ ጋ ስደርስ የቀለድኩበት መስሎት ነበር። ሁለተኛ አስነበበኝ። ከዚያ ሄዶ የቀን መቁጠሪያው ላይ ሃያ አንዱን ቀን በቀይ አከበበ። አሁን በየጠዋቱ በደህና አደርክ ፈንታ «ተነሣች?» ነው የሚለኝ። ሠራተኞቹም አጭሯ፣ ረጅሟ፣ ጣሪያ የሌላትና ባለዶሮዋ እያሉ ዓይነቷን አራት አድርሰውታል።

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ስጠርግ ዓይኔ መዶሻዎቹ ላይ ነው። ስለ ግራዋ ጎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ደህና ናት? ማለቴ፣ ማንም ነካክቷት አያውቅም? እንዲሁ ነው የጠየቅኩዎ። ቀኙንም አደራ።

ጥድፊያ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለጥድፊያ፤

ዕድሜህን ዝገት አይንካው።

አሥራ አንድ ጫጩት! የተበላሸው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ለአለቃህ ንገረው፤ ከእናንተ ወዲያ እንኳን ደስ አለህ የሚለኝ ያለ አይመስለኝም። እትዬህ ገመዱን እንደፈታች ሥራ ጀመርኩ።

ልኩን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አንስቼ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ቢስቁብህ አትፈር፤ ከዚያ የተሻለ ወረቀት የለም፣ አይቀደድም፣ አይሳብም። ወረቀቱ የሚነግርህ ግን ዙሪያዋን ነው። እብጠቷን የሚነግርህ ጣት ነው። ቀጥ ያለ ዱላ ጎኗ ላይ አሳርፌ፣ ከዱላው እስከ ላሜራው ስንት ጣት እንደሚገባ በየስንዝሩ ጽፌልሃለሁ። አንድ ቦታ ላይ «ሁለት ጣትና ጥፍር» የሚል ታገኛለህ፤ ጥፍሯን እንዳትተዋት።

ስለ ግራዋ ለምን እንደምትጨነቅ አልገባኝም። እንደተፈጠረች ናት። ማንም አልነካትም፤ የነካት ካለም እጁ ይባረክ።

ቀኙንም ስለነዘነዝከኝ ልኬዋለሁ። ከግራው በአንድ ጣት ተኩል ወፍሯል። ምን ላድርግህ? ጣሊያኑ ግራውን ጠዋት፣ ቀኙን ከምሳ በኋላ ቀጥቅጦት ይሆናል።

አጎትህ


ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ልቤ ስላላረፈ አሳጥረዋለሁ።

የከረጢቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋው ማንም አልሳቀም። አለቃዬ ዙሪያውን እየዞረ አየውና «ይህን ያነሳ ሰው ሥራ ያውቃል» አለ። ቀጥሎ ቁጥሮቹን አየ። «ጣት? የማን ጣት?» የእሱን ጣት አስገባን፣ የእኔን አስገባን፣ የቀለም ቀቢውን አስገባን፤ ሦስት ዓይነት ፓራፋንጎ ወጣ። እባክዎ የጣትዎን ውፍረት በሚሊሜትር ይላኩልን። ጥፍሯንም ጭምር።

የከፋው ሌላ ነው። የእኛዋ መኪና ቀኝ ጎን አልተጎዳም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። አለቃዬ በእሱ ላይ ዱላውን አሳርፎ ከእርስዎ ቀኝ ጋር አስተያየው። የእርስዎ በጣም ወፍራም ነው። በእጅ የተሠራ ቢሆንም ይህን ያህል አይለያይም አለ። «ወይ የአጎትህ መኪና መጽሐፍ የማያውቃት ሌላ ዓይነት ናት፣ ወይ ያልተነገረን ነገር አለ። ዓይነቷ ሌላ ከሆነ ግራዋም አይጠቅመንም» አለኝ። ያወረደልኝን መዶሻ ወስዶ መልሶ ጥላው ላይ ሰቀለው። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቁርጡ ካልታወቀ ሥራውን ለሌላ ጋራዥ ይሰጠዋል።

ጋሼ፣ ቀኟ ምን ሆነች?

ጥድፊያ


መጋቢት 27 ቀን

ለጥድፊያ፤

እንደምን ሰነበትክ? ስለመዘግየቴ ምክንያት አትጠይቀኝ። ደብዳቤ ጀምሬ ስተው፣ ጀምሬ ስተው ነው የከረምኩት።

ይኸው እጄ። ወረቀት ላይ ዘርግቼ እትዬህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምራልኛለች፤ ስትኮረኩረኝ ስለሳቅኩ ትንሿ ጣት ተጣምማለች። አውራ ጣቴን አትቁጠረው። መዶሻ የጠፈጠፈው ስለሆነ የሁለት ሰው ጣት ያህላል። የለካሁት በመካከለኞቹ ሦስቱ ነው። ሚሊሜትሩን አለቃህ ራሱ ያውጣው።

ስለ ቀኙ አትጠይቀኝ። ቀኙን ጠቅልላችሁ ጣሉት። ግራዋን ሥራ። ግራዋ ልክ ናት። ለአለቃህ «አጎቴ በመዶሻው ምሏል» በለው፤ ባትላሜራ ከሆነ ይገባዋል። አንተም ጥድፊያህን ትተህ ቀስ ብለህ ምታ።

አጎትህ

ከእትዬህ፦ ልጄ፣ በቀኙ በኩል የሚያፍርበት ነገር አለ። እንዳልናገር አስምሎኛል፤ አለመናገር እንዴት እንደሚከብደኝ ደግሞ ታውቃለህ። ሹራብ ልበስ።


ሰኔ 19 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኛችሁ። የምሥራችም አለው፣ ኑዛዜም አለው። የምሥራቹን ላስቀድም።

መሐላዎን ለአለቃዬ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጥቂት አሰበና መዶሻውን አወረደልኝ። የእርስዎን እጅ ሥዕል ከፊቴ ለጠፍኩ፤ በጣትዎ ልክ ሦስት እንጨት አስጠረብን። አሥራ አንድ ቀን ቀጠቀጥኩ። በመጨረሻው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳሰስኳት። አወቅኳት።

መኪናዋ ስታልቅ የዚህች መኪና ወዳጆች ማኅበር የሚልከው መርማሪ መጣ። ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ሰላምታውም እንደ ጓንቱ የነጻ ሰውዬ ነው። ባትሪ እያበራ ሁሉንም አየ። እኛ ያልነካነው ቀኙ ጋ ቆመና «ይህ ታድሷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ይታወቃል» አለ። ወደ ግራው ዞረ። ባትሪውን አጠፋ፣ ጓንቱን አወለቀና በባዶ እጁ ዳሰሰው። «ይህኛው የድሮዎቹ ሰዎች እጅ ነው። እንዴት ሊተርፍ ቻለ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ፣ አለቃዬ ሲስቅ ሦስት ዓመት አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መኪናዋን ተደግፎ ነው የሳቀው። በማግስቱ ግድግዳው ላይ አዲስ የመዶሻ ጥላ ስሎ ከሥሩ ስሜን ጻፈ። «ጥድፊያ» ብሎ።

ሁሉም ሲጨብጠኝ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አሁን ኑዛዜው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገጠር ያሉትን እህትዎን ሊጠይቁ ሦስት ቀን የሄዱ ጊዜ ያስታውሳሉ? መኪናዋን እንዳጸዳ አዘውኝ ሄዱ። እኔ ድምፅዋን ልስማ ብዬ አስነሳኋት። ድምፅዋን ስሰማ ትንሽ ልንቀሳቀስ አልኩ። ማርሹ ወደ ኋላ ገባና ከውኃ ማጠራቀሚያው ግድግዳ ጋር አላተምኳት። ግራ ጎኗ ገባ። እትዬ ገበያ ነበሩ፤ ሲመለሱ የመዶሻው ድምፅ የወትሮው ሥራ መሰላቸው። ሦስቱን ቀን እህል ሳልቀምስ በጉቶ ላይ ቀጠቀጥኩ። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስላሻትኳት ቅርጿን መዳፌ ያውቀው ነበር፤ እሱኑ ተከትዬ አወጣኋትና ቀለም ቀባኋት። እርስዎ ሲመለሱ አንድ ዞር ብለው አይዋት። ከዚያ ውኃ አስቀድተውኝ ስመለስ «እጅህ እንጨት ነው» አሉኝ። ያወቁብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሌላ ሳይሉ ሲያልፉ ተርፌአለሁ አልኩ።

ስለዚህ እዚህ ያለችው ግራ ጎን የጣሊያኑ አይደለችም፤ የእኔ ጥፋት ግልባጭ ናት። ቀኙን ስለምንዎ የነበረው ለዚህ ነው፤ ግራውን ከቀኙ አመሳክሬ ላርመው ነበር። አለቃዬንም፣ መርማሪውንም፣ ከሁሉ በላይ እርስዎን አታለልኩ። አምነውኝ በመዶሻዎ ማሉ። ይቅር ይበሉኝ። ካልቻሉም መልስ አይጻፉልኝ፤ ይገባኛል።

ጥድፊያ


ሐምሌ 30 ቀን

ለልጄ፤

እጅህን ይባርከው።

አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ከበሩ ስገባ ቀለም ሸተተኝ። ሠላሳ ዓመት ቀለም ስሸት ኖሬ በአንተ የተጭበረበርኩ መሰለህ? አንተን ውኃ ቅዳ ብዬ ላክሁና ግራዋን በጥፍሬ አንኳኳሁ። ጎድጓዳውን በስቱኮ ደፍኖት ይሆናል፣ ስመጣበት ዋጋውን ያገኛል ብዬ ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ላሜራ ነው። አንዲት ማንኪያ ስቱኮ የለችበትም። የተሳሳትከውን ላርም ብዬ መዶሻዬን አነሣሁ። ከላይ እስከ ታች ዳሰስኳት። የምመታው አጣሁ። መዶሻዬን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወጥቼ እጅህ እንጨት ነው አልኩህ። ለምን እንዳልኩህ አሥራ ሁለት ዓመት ሳስበው ኖሬአለሁ። እንደዚያ ያለ እጅ በሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ በራሴም ላይ። ብነግርህ በማግስቱ ትተኸኝ የራስህን ጋራዥ ትከፍታለህ ብዬ ፈራሁ። አልነገርኩህም፤ ባልነግርህም ሄድክ፣ ያውም ባሕር ማዶ። በድዬሃለሁ፣ ልጄ። አንተ ይቅርታ ከምትጠይቀኝ እኔ ልጠይቅህ።

አለቃህንም አላታለልክም። የሐኪሙ ዘመን ጎኗ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። ያወጣኸው ያንኑ ነው። ለዚህ ነው በመዶሻዬ የማልኩት።

አሁን ደግሞ የእኔን ስማ፤ እትዬህ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዷን ቃል እያነበበች ስለሆነ መዝለል አልችልም። አንተ በሄድክ በዓመቱ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ላወጣት ብዬ አስነሳኋት። ማርሹ ወደ ኋላ ገባ። ያችው ግድግዳ! በቀኝ በኩል ገባች። ሁለት ቀን ቀጠቀጥኩ፤ ዓይኔም እጄም እምቢ አሉኝ። እና ልጄ፣ በስቱኮ ደፈንኩት። እኔ! ስቱኮ የሚደፍን ባትላሜራ ሌባ ነው እያልኩ ስንቱን ያባረርኩት ሰውዬ! ያ አንድ ጣት ተኩል ስቱኮ ነው። ጣሊያኑ ምሳም አልበላም፤ ምሳ የበላሁት እኔ ነኝ። አንተ «ቀኟ ምን ሆነች» ስትለኝ ሁለት ወር መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ስቱኮውን ፍቄ አወጣሁት። አሁን ቀኟ ገብታ፣ ስብራቷን እያሳየች ቆማለች። እትዬህ አዘነችላት፤ ጣውንቴ ማለቷን ትታ «ምስኪኗ» ነው የምትላት። ፈቃድ ስታገኝ ናና አንተ አውጣት። እኔ ላሜራውን እይዝልሃለሁ፣ አንተ ትመታለህ። የድሮ መዶሻህን ለማንም አልሰጠሁም፤ እንደተሰቀለ ነው። ጥላ የሚባለውን ነገር ግን እኔ አልሥልም፤ ቦታውን ራስህ ታውቀዋለህ።

ስትመጣ አስነሳትና ድምፅዋን ስማ። ማርሹንም እንዳሻህ ወደ ኋላ አስገባ፤ ግድግዳውን እትዬህ አስፈርሳዋለች።

አጎትህ